ደብዳቤ ለልጄ፦ ገንዳውን ከበሩ አጠገብ ባታነሱት

ሚጣዬ የኔ ልጅ እንዴት ከረምሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እናትሽ ብርዱ ጉልበቷን ትንሽ ያዝ አድርጓታል እንጂ ደህና ናት፣ ሰላም በልልኝ ብላለች።

የምጽፍልሽ ባለፈው በስልክ ስላጫወትሽኝ ስራ ነው። የአርክቴክት ቢሯችሁ እንግሊዝ ሳፎክ ገጠር ያለ አንድ አሮጌ አጥቢያ ቤተክርስቲያን ይዟል፣ ከኋላ በኩል ሽንት ቤትና ሻይ የሚፈላበት ኪችን ሊሰራለት ነው፣ በሩ ጋ ያለው የድንጋይ ክርስትና ገንዳ ቦታ ስለያዘ ወደ ፊት ወደ መንበሩ ይጠጋ ተብሎ ፕላኑን እንድትሰሪ ላንቺ ተሰጠሽ። ስትነግሪኝ ደስ ብሎሻል፣ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ብሆን ያንን ገንዳ ካለበት አላነሳውም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ይረዝማል ታገሺኝ።

እንደምታውቂው ብዙ አመት ኖርፎክና ሳፎክ ቫን እየነዳሁ እቃ አደረስኩ። እዛ የገጠር ቤተክርስቲያን ቀን ቀን አብዛኛው ክፍት ነው፣ ማንም ምን ፈለግክ አይልሽም፣ ምሳዬን ውጪ አግዳሚው ላይ በልቼ ገባ ብዬ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደሰው መስኮቱንና ጣራውን ነበር የማየው፣ በኋላ አንድ ቤተክርስቲያኑን የሚጠብቁ ሽማግሌ እዚህ ውስጥ ትልቁን እድሜ የያዘው ከበሩ ጀርባ ያለው ነው አሉኝ፣ ከዛ ወዲህ ስገባ ቀድሜ የማየው ገንዳውን ሆነ። እውነታቸውን ነው። ግድግዳው ፈርሶ ተሰርቷል፣ መስኮቱ ተሰብሮ ተቀይሯል፣ ወንበሩ የትናንት ነው፣ ገንዳው ግን ብዙ ቦታ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዘመኑን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ በየመንደሩ ቤተክርስቲያን በድንጋይ ሲሰራ ገንዳውም አብሮ ተቀረጸ፣ ቤቱ ሁለት ሶስቴ ሲታደስ ገንዳውን አሮጌ ነው ብለው አልጣሉትም፣ አያቶቻቸው የተጠመቁበት ነዋ።

ደሞ ቅርጹን ብታዪ! ኖርፎክ ባህር ዳርቻ በርንሃም ዲፕዴል የሚባል ቦታ ያለው ላይ አስራ ሁለቱ ወራት በየተራ ተቀርጸዋል፣ ጃንዋሪ ላይ ሰውየው በቀንድ ይጠጣል፣ ከዛ የሚቆፍር አለ፣ የሚያጭድ አለ፣ የሚወቃ አለ፣ ኖቬምበር ላይ አሳማ ይታረዳል፣ ዲሴምበር ላይ ማእድ ቀርቦ ተቀምጠው ይበላሉ። የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ እሱ ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ፣ ልጅ የሚጠመቅበት ድንጋይ ላይ ንጉስና ጳጳስ ሳይሆን አጫጅና ወቂ አደረጉበት። ኬንት ውስጥ ብሩክላንድ ያለው ደግሞ ድንጋይ ሳይሆን እርሳስ ነው፣ ከነወራቱ አስራ ሁለቱ የኮከብ ምልክቶች አሉበት። ሀምፕሸር ኢስት ሚን ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከዛሬው ቤልጂየም ከቱርኔ ከተማ በመርከብ የመጣ፣ በ1150 አካባቢ። እሱ ላይ አዳምና ሔዋን ከገነት ይባረራሉ፣ ከዛ መልአኩ አዳምን እንዴት እንደሚቆፈር ያሳየዋል፣ ሔዋን እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። እስቲ አስቢው፣ ከተባረሩ በኋላ ሙያ ያስተማራቸው መልአክ! ህጻኑ ከአዳም እርግማን ሊነጻ የሚገባበት ውሃ ዙሪያውን ይሄ ታሪክ ነው ያለው፣ ማንበብ ለማይችል ህዝብ ከዚህ በላይ ምን ስብከት አለ።

ሄርፎርድሸር ኤርድስሊ ያለውን ደግሞ ጉግል አድርገሽ እዪው፣ ሁለት ባላባቶች በጦርና በሰይፍ ሲዋጉ፣ በሌላ በኩል ክርስቶስ አንዱን ሰው እጁን ይዞ ከሲኦል ሲጎትተው፣ ድንጋይ አይመስልሽም። ከምብሪያ ብራይድከርክ ያለው ላይ ቀራጩ ራሱን መሮና መዶሻ ይዞ ሲሰራ አሳይቷል፣ በድሮ የሩን ፊደል ሪካርድ የሚባለው እንደሰራው ተጽፎበታል። የዛን ዘመን ድንጋይ ጠራቢ ስሙ የሚገኘው በስንት አንድ ነው።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ውበቱ ነው፣ አሁን ወደ ቦታው ልምጣ፣ ያንቺ ነገር እሱ ስለሆነ።

የኛ ቤተክርስቲያን ክርስትና ቤት ለብቻው ግቢው ውስጥ ነው፣ አንቺን በሰማንያ ቀንሽ ያጠመቅንሽ እዛ ነው፣ መጀመሪያ ክርስትና ቤት ተጠመቅሽ ከዛ ለቁርባን ወደ ቤተመቅደስ ገባሽ። እንግሊዞቹ ለብቻ ቤት አልሰሩም ግን ሀሳቡ ያው ነው። በድሮው ስርአታቸው ቄሱ ህጻኑን የሚቀበለው ውጪ በሩ ላይ ነበር፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ጨው አፉ ላይ ያደርጋል፣ ክፉ መንፈስ እንዲርቅ ይጸልያል፣ ከዛ ነው እጁን ይዞ ወደ ውስጥ የሚያስገባው፣ ገቡ ሲባል ወዲያው ገንዳው አለ። ጥምቀት መግቢያ ስለሆነ ገንዳው መግቢያው ላይ ተተከለ፣ በቃ። ማንም በየእሁዱ ሲገባ በሱ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ወደ መንበሩ ካጠጋሽው ግን ያ መንገድ ይቀራል፣ ሰዉ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከፊት የሚያየው ነገር ይሆናል። ይሄ ደግሞ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፣ የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን የዛሬው ህግ፣ ካነን ኤፍ 1 የሚሉት፣ ሌላ ልማድ ከሌለ ወይም ጳጳሱ ካላዘዘ ገንዳው በተቻለ መጠን ለዋናው በር ቅርብ ይሁን ይላል፣ ክዳንም ይኑረው ይላል። አለቃሽ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ፣ አንቺም አንብቢው።

ጥልቀቱን አይተሻል? እጅሽን እስከ ክርንሽ ቢከቱት የሚገባ ነው። ውስጡ በእርሳስ ይለበጣል ውሃ እንዳያፈስ። ህጻኑን እንደኛው ነከር ያደርጉት ነበርኮ፣ ራስ ላይ ጠብ ማድረግ በኋላ የመጣ ነው። በ1549 የወጣው የጸሎት መጽሐፋቸው ሶስት ጊዜ ይነከር ይላል፣ አንዴ በቀኝ ጎኑ፣ አንዴ በግራው፣ አንዴ በፊቱ፣ ልጁ ደካማ ከሆነ ብቻ ውሃ ይፍሰስበት። ከዛ በፊት በካቶሊኩ ዘመን ደግሞ ሜሮን ይቀባል፣ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፣ ልጁ ወር ሳይሞላው ከሞተ በዛችው ነጭ ጨርቅ ተገንዞ ይቀበራል። ብዙ ልጅ ይሞት ነበር በዛ ዘመን። ስለዚህ ያ ድንጋይ ያየው እናት ስንት እንደሆነ አስቢ።

ውሃው የተባረከ ስለሆነ በየቀኑ አይቀየርም ነበር፣ ገንዳው ውስጥ ይቆያል፣ ሰው ደግሞ ለመድኃኒት ለጥንቆላ እየሰረቀ ቸገረ። በ1236 የካንተርበሪው ሊቀጳጳስ ኤድመንድ ገንዳ ሁሉ ክዳን ይኑረው ይቆለፍ ብለው አዘዙ። ከንፈሩ ላይ ብረት ተተከለ፣ በላዩ የብረት ዘንግ አልፎ ቁልፍ ይገባበታል። በኋላ ብረቱ ሲነቀል ድንጋዩን ገንጥሎ ነው የወጣው። ስለዚህ ሳይትሽ ስትሄጂ ጣትሽን በገንዳው ከንፈር ዙሪያ አዙሪ፣ ትይዩ በሆኑ ሁለት ቦታዎች የተሸረፈ ወይም በሌላ ድንጋይ የተጠገነ ካገኘሽ እሱ ነው፣ ስምንት መቶ አመት ሊሆነው የሚችል የቁልፍ ቦታ። አደራ ኮንትራክተሩ ቁስሉን በሲሚንቶ እንዳይደፍነው። ሌላ ደግሞ እታች ቀዳዳ አለው፣ የተባረከ ውሃ መንገድ ላይ ስለማይደፋ በእግሩ በኩል ወርዶ አፈር ውስጥ እንዲሰርግ ነው የተሰራው። ገንዳው እቃ አይደለም ማለቴ ነው ሚጣዬ፣ ከወለሉ ጋር ከስሩ አፈር ጋር የተያያዘ ነው፣ ከነደረጃው አንስተሽ ስታስቀምጪው እላይ ያለው ብቻ ነው የሄደው።

ያንቺው ሳፎክ ስለሆነ ደግሞ ስምንት ማእዘን ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። ስምንት የሆነው ትንሳኤው ከሰባቱ ቀን ቀጥሎ ያለው ስምንተኛው ቀን ስለሆነ ነው ይላሉ፣ የኖህ መርከብም ስምንት ነፍስ ነው ያዳነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኖርፎክና ሳፎክ በበግ ጸጉርና በጨርቅ ንግድ ሲበለጽጉ በስምንቱ ፊት ላይ ሰባቱን ምስጢራተ ቤተክርስቲያን ይቀርጹ ጀመር፣ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ንስሐ፣ ቁርባን፣ ተክሊል፣ ክህነት፣ ቀንዲል፣ ስምንተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ስቅለቱ ወይም የጌታ ጥምቀት። አርባ አካባቢ ይሆናሉ ዛሬ ያሉት፣ ከሁለት በቀር ሁሉም በምስራቅ እንግሊዝ ናቸው። መጀመሪያ ሊትል ዋልሲንግሃም ያለውን ሳይ የያዘኝ ስሜት አሁንም አለ፣ በሰው አገር፣ በማላውቀው ቤተክርስቲያን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት በልጅነቴ የቆጠርኳቸው ሰባቱ ድንጋይ ላይ!

ግን ፊታቸው የለም። ብዙዎቹ ተፈልጠዋል። ንጉስ ሄንሪ ስምንተኛው በ1534 ከሮም ከተለየ በኋላ፣ በተለይ ልጁ ኤድዋርድ ሲነግስ፣ ሰባት ሳይሆን ሁለት ምስጢር ብቻ ነው የምንቀበለው ተባለ፣ ስእል ጣኦት ነው ተባለ፣ መዶሻ ይዘው ገቡ። የሚገርመኝ ዎልሶክን ያለው ሰባቱ ምስጢር ያሉበት ገንዳ 1544 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከሮም ከተለዩ አስር አመት ካለፈ በኋላ! የመንደሩ ሰው እምነቱን በአዋጅ አልቀየረም ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቅርጹን በኖራ ለሰኑት፣ ያ ልስን ስንት መቶ አመት ጠበቀላቸው። ሁለተኛው መከራ የመጣው ንጉሱና ፓርላማው በተዋጉበት በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ነው። ዊልያም ዳውሲንግ የሚባል ሰው ከፓርላማው ወገን ተልኮ በ1643 እና 1644 ካምብሪጅሸርና ሳፎክን እየዞረ ስእልና መስቀል አፈረሰ፣ ያፈረሰውን በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ሳፎክ ዩፈርድ ላይ ግን በ1644 ሲመጣ የመንደሩ ሰዎች ቁልፍ ከልክለው ከሁለት ሰአት በላይ ውጪ አቆሙት። እዛ ያለው የገንዳ ክዳን ከእንጨት ተፈልፍሎ እንደግንብ የሚወጣ ነው፣ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ጫፉ ላይ ደረቷን ወግታ ልጆቿን የምታበላ ፔሊካን ወፍ አለች። ዳውሲንግ በማስታወሻው የጳጳሱን ባለ ሶስት ድርብ ዘውድ ይመስላል ብሎ ጻፈ፣ ክዳኑ ግን ተረፈ፣ ዛሬም እዛው አለ፣ ስራሽ ቅርብ ከሆነ ሳታዪው እንዳትመለሺ።

በ1645 ፓርላማው አዲስ የአምልኮ መመሪያ ሲያወጣ ጥምቀት ገንዳው በቆመበት በድሮው ቦታ እንዳይሆን፣ ህዝቡ ፊት እንዲሆን ተባለ። አየሽ? ወደ ፊት መጥቶ ህዝቡ እንዲያይ የሚለው ሀሳብ ያኔም ነበር፣ ክፋት የለውም እኮ ሀሳቡ፣ ግን በዛ ምክንያት ስንቱ ገንዳ ወጥቶ ተጣለ፣ በሳህን ይጠመቅ ጀመር፣ የከብት ውሃ መጠጫ የሆነም አለ። ንጉስ ቻርልስ ሁለተኛው በ1660 ከስደት ሲመለስ መልሰው ፈለጉት፣ ያላገኙት አዲስ አሰሩ፣ ለዛ ነው በ1660ዎቹ ቀን የተጻፈባቸው ገንዳዎች የምታገኚው። በ1662 የወጣው የጸሎት መጽሐፍ ላይ ደግሞ ከዛ በፊት ያልነበረ የአዋቂ ማጥመቂያ ስርአት ጨመሩበት፣ በነዛ አመታት ሳይጠመቅ ያደገ ሰው ስለበዛ። ጉዳዩ ከገንዳ ያለፈ ነበር።

ስለ መዝገቡ ሳልነግርሽ አላልፍም። በ1538 የንጉስ ሄንሪ ሚኒስትር ቶማስ ክሮምዌል በየአጥቢያው የተጠመቀ፣ የተጋባ፣ የተቀበረ ሁሉ ይመዝገብ አለ። መንግስት ራሱ ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1837 ነው። በመሀል ያለው ሶስት መቶ አመት ድሃው ሰው በዚህ አለም መኖሩን የሚናገርለት ያ ገንዳ ጋ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ሼክስፒር እንኳን የተወለደበት ቀን አይታወቅም፣ የሚታወቀው አፕሪል 26 ቀን 1564 ስትራትፎርድ መጠመቁ ነው፣ የድሮው ገንዳ ስባሪ እስካሁን እዛው ቤተክርስቲያን ውስጥ አለ።

እኛን የሚመስሉም አሉ መዝገቡ ላይ፣ ይሄን ስታውቂ ደስ ይልሻል ብዬ ነው። ሜሪ ፊሊስ የምትባል ከሞሮኮ የመጣች የሃያ አመት ልጅ በጁን 1597 ለንደን ኦልድጌት ቅዱስ ቦቶልፍ ቤተክርስቲያን ተጠመቀች፣ ጸሎቷን ስትደግም ጭምር ተጽፏል። በኋላ የህይወት ታሪኩን በመጽሐፍ የጻፈው ኦላውዳ ኢኩያኖ በባርነት እያለ በፌብሩዋሪ 1759 ዌስትሚኒስተር ቅድስት ማርጋሬት ተጠመቀ። ያኔ ብዙ ጥቁሮች ጥምቀት ነጻ ያወጣል ብለው ያምኑ ነበር፣ ጌቶቹም ፈርተው ነበር፣ እንዲያውም በ1729 ሁለት የመንግስት ከፍተኛ የህግ ሰዎች ጥምቀት ባሪያን ነጻ አያደርግም ብለው ሀሳብ ሰጡ ባለ ንብረቶቹን ለማረጋጋት። ይሄን ሳነብ አንጀቴ ተቃጠለ። ውሃው ነጻ እንዳያወጣቸው በወረቀት አገዱት። እነሱ ግን መጠመቃቸውን አልተዉም፣ ስማቸው ከመንደሩ ሰው ስም ጋር እኩል ተጻፈ፣ እስካሁንም ይነበባል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት የቪክቶሪያ ዘመን ሰዎች ላይ ብዙ አልቆይም። ጥሩም ሰርተዋል፣ ግን አሮጌውን ገንዳ አውጥተው የቄሱ አትክልት ቦታ አበባ የተከሉበት፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ያስገቡም ነበሩ። ግሎስተርሸር ዲርኸርስት ያለው ከኖርማኖች በፊት የነበረው የሳክሰን ዘመን ገንዳ፣ ጥምዝምዝ ቅርጽ ያለበት፣ በእድሜ እጅግ ከቀደሙት አንዱ፣ እርሻ ላይ ገንዳ ሆኖ ሲያገለግል ነው የተገኘው፣ እግሩ ደግሞ ለብቻው ሌላ ቦታ ተገኝቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተገጣጠሙ። ከቦታው የተነሳ ነገር የት እንደሚደርስ አታውቂም የምልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ከስራሽ ጋር ልጣላ አይደለም። ሰዎቹ ሽንት ቤት ያስፈልጋቸዋል፣ ሻይም ያስፈልጋቸዋል፣ አሮጊቶቹ ቅዳሴ መሀል ወዴት ይሂዱ፣ ቤተክርስቲያኑ ካልተጠቀሙበት ይዘጋል። ግን እንደነገርሽኝ ከሰሜን በኩል የግንቡ ስር ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ አሮጌ ወንበር የተከመረበት፣ ሽንት ቤቱ እዛ ቢገባስ? ቧንቧው ትንሽ ይረዝማል እንጂ። ኪችኑ ደግሞ እንደ ቁምሳጥን በር የሚዘጋ ቢሆን ገንዳው ጎን ሊቆም ይችላል፣ እንደዛ የተሰራ አይቻለሁ፣ ያምራልም። የግድ ይነሳ ከተባለ ደግሞ ከሀገረ ስብከቱ ፈቃድ፣ ፋኩልቲ የሚሉት፣ ሳይወጣ ማንም እንዳይነካው፣ ከስሩ ያለውን የሚያይ አርኪኦሎጂስት ይቁም፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ይሰጠው፣ ደረጃውም አብሮት ይሂድ። ጀማሪ ነኝ አይሰሙኝም ብለሽ ዝም እንዳትዪ፣ ሁለት አማራጭ ስለሽ አቅርቢ፣ አንዱ ገንዳው ባለበት የቆመበት ይሁን፣ ለምን እንደሆነ ከስር ጻፊበት፣ የጻፍኩልሽን እንዳለ ብትወስጂውም ቅር አይለኝም።

ሳይት የምትሄጂ ቀን የከንፈሩን ዙሪያና የውስጡን ቀዳዳ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ጥልቀቱንም በሜትር ለኪልኝ። ላዩ ላይ ወረቀትና የአበባ ማስቀመጫ ከተደረደረበት ጠባቂዎቹን አስፈቅደሽ አንሺው እንጂ ዝም ብለሽ እንዳትነኪ፣ እዛ የሚያገለግሉ ሽማግሌዎች ናቸው፣ አክብሪያቸው፣ ስለ ገንዳው ብትጠይቂያቸው ከኔ በላይ የሚነግሩሽ አይጠፋም። ቅዳሜ ስራ ከሌለሽ በባቡር መጥቼ አብረን ዩፈርድ እንሂድ፣ እናትሽም ጉልበቷ ከተሻላት ትመጣለች።

አባትሽ